ያስቆረጥኩት የማርሽ ዘንግ

የአባቴን መኪና የማርሽ ዘንግ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልለመነኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ በገዛ ፈቃዴ፣ ያውም እየሳቅኩ ነው ያስቆረጥኩት። የተቆረጠው ስንት እንደሆነ ዛሬም በእጄ ማሳየት እችላለሁ፤ ከመሐል ጣቴ ጫፍ እስከ አንጓዬ ድረስ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። በወጣትነቱ ከሰሜን ተመድቦ አርባ ምንጭ ሲመጣ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሊመለስ ነበር። ይኸው የከተማው ላይኛው ሰፈር ሴቻ ላይ ቤት ሠርቶ፣ እናቴን አግብቶ፣ እኔን ወልዶ፣ እናቴንም እዚሁ ቀብሮ ቀረ። መኪናዋን የገዛው እኔ ሕፃን ሳለሁ፣ መንገድ ሊሠራ መጥቶ ከነበረ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የረዘመ ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ቀይ ነበረች ማለት ይሻላል፤ የአርባ ምንጭ ፀሐይ ቀለሟን አጥቦ አጥቦ ሸክላ አስመስሏታል። ባጃጅ በሚተራመስበት ከተማ ውስጥ እሷን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። "የዳኛው መኪና" ይሏታል።

አባቴ በዚህች መኪና በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ሦስት ጡረተኞች ጭኖ ከሴቻ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ይወርዳል። አንዱ የቀድሞ ርዕሰ መምህር፣ አንዱ ጤና ጣቢያ ድሬሰር የነበረ፣ አንዱ የግብርና ሠራተኛ ናቸው። የኋላው ወንበር ለሕፃን እንኳ አይበቃም፤ ሁለቱ ጉልበታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ይታጠፉበታል። ሲቀላ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለ አገር ሲከራከሩ ይቆዩና ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ያው ተጣጥፈው ዳገቱን ይወጣሉ። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ይሠራል ቢባል፣ አባቴ ይሄን ይሠራል። ሰው የሚያደርስ ሰው ነው።

መንዳት የተማርኩት በዚህች መኪና ነው። ያኔ የማርሽ ዘንጓ አጭር ነበር፤ ፍሪሲዮን ረግጬ ገፋ ሳደርገው ጠቅ ብሎ ይገባል። ስቸኩል አባቴ እጄን መታ ያደርግና "ማርሽ አይገፋም፤ ይጠየቃል" ይለኝ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ከወንድ ጓደኞቼ ሁሉ ቀድሜ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ያ ነገር አናቴ ላይ ወጥቶ እስካሁን አልወረደም።

ከዚያ ሥራ አግኝቼ ሳውላ ሄድኩ፤ አምስት ዓመት ያህል እዚያ ቆየሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ዝውውር ጠይቄ ሴቻ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁና ከአባቴ ጋር መኖር ጀመርኩ። ስመለስ መኪናዋ ተለውጣለች። የማርሽ ዘንጉ ረዝሞ የመሪውን ከፍታ ሊያክል ደርሷል። መሐሉ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። አናቱ ላይ ብርቱካን የሚያህል፣ ባንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ጥቁር እንጨት ተሰክቷል። ነካ ሲያደርጉት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ለመቀየር ክንድን ሙሉ መሳብ ነው። "ምን ሆና ነው?" ብዬ ስጠይቀው አባቴ "አርጅታ ነው" አለኝ። መኪና ሲያረጅ ዘንጉ የሚረዝም ይመስል፣ እኔም መልሼ አልጠየቅኩትም። የሲቀላ ጋራዥ ጉድ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሲያገባ መኪናዋን ለአጀብ ለመነኝ። ቀይ መኪና፣ ሁለት በር፣ ቪዲዮ ላይ ያምራል። አስፈቅጄ፣ አጥቤ፣ አበባ ለጥፌ፣ ሁለት ሚዜዎች ጭኜ ከፊት ሆንኩ። ሲቀላ አደባባዩን ዞረን ወደ ሴቻ ስንወጣ ያ ዘንግ እጄ ላይ ዋለለብኝ፤ ሁለተኛ ፈልጌ አራተኛ ገባ፣ መኪናዋ ተንገጫግጫ ቀጥ አለች፤ የኋላው አጀብ በሙሉ ክላክሱን ለቀቀው። አንዱ ሚዜ ዘንጉን አየት አድርጎ "ይሄ ማርሽ ነው የገንፎ ማማሰያ?" አለ። ሰርጉ እስኪያልቅ ስሜ "ባለማማሰያዋ" ሆነ። ቪዲዮውም ላይ ሳቁ ይሰማል።

ሌላ ሰው ስቆ ይረሳዋል፤ እኔ አልረሳም። በዚያው ሳምንት ስልኬ ላይ የስፖርት መኪና ማርሽ እንዴት እንደሚስተካከል የሚያሳይ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ነገሩ ቀላል ነው። ዘንጉ ባጠረ ቁጥር የእጅ ጉዞ ያጥራል። ከሥሩ ያለው ጎሚኒ፣ ያ ላስቲክ ቀለበት፣ በጠንካራ ሲተካ መወዛወዙ ይጠፋል። ሞላው ሲጠነክር ዘንጉ ራሱ ወደ መሐል ይመለሳል። አናቱ ላይ ከባድ ትንሽ ብረት ሲደረግ ደግሞ ማርሹ ጠቅ ብሎ ሲገባ መዳፍ ላይ ይሰማል። ቪዲዮው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ሹክ ብሎ አልፎ ነበር፤ ዘንግ ሲያጥር የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል። ሰምቼዋለሁ። ጉልበት ደግሞ ማን ያጣል ብዬ አለፍኩት።

የአባቴ መካኒክ ሲቀላ ከገበያው ጀርባ፣ የማንጎ ዛፍ ሥር ነው የሚሠራው። ከጋሞ ደጋ የወረደ፣ እኔን በአሥር ዓመት የሚበልጥ ዝምተኛ ሰው ነው። ብሎን ሲፈታ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ጴንጤ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርገዋል። ይሄን ቢሮ ውስጥ እየደጋገምኩ አስመስዬ ሰው አስቅ ነበር። ጥሩ አስመስላለሁ።

ቪዲዮውን አሳየሁት። እስከ መጨረሻው አይቶ፣ ጣቱ ያቆሸሸውን የስልኬን መስታወት በክንዱ ጠርጎ መለሰልኝ።

"እህቴ፣ ይሄ ጥሩ ነው። ለሌላ መኪና ጥሩ ናት። ለዚህ አይሆንም።"

"ለምን አይሆንም?"

"ጋሼን ጠይቂ።"

"ለእሱ እኮ ነው የማሠራው! ስጦታ ነው፤ እንዲያውቅ አልፈልግም።"

ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲያው እኔ አልቆርጥም። ይሄ ዘንግ ታስቦ ነው የተሠራችው። አንደኛ ጋሼን ጠይቂ፣ እሺ ካለ እኔ ራሴ በነፃ እቆርጣለሁ።"

ሦስት ጊዜ ነው ጠይቂ ያለኝ፤ ሦስተኛው ጓደኞቹ ፊት ነበር። ሥራውን ስላዋረድኩበት ተቀየመ ብዬ አሰብኩ፤ የበየደው እሱ መሆኑ ግልጽ ነበራ። ደሜ ፈላ። "መጀመሪያ አማርኛህን አስተካክል፣ ከዚያ ታስባ ይሁን ታስቦ እንነጋገራለን" አልኩት። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እሱ ቁልፉን አንስቶ ወደ ጀመረው መኪና ሥር ገባ። መዝሙሩን አልቀጠለም።

ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው። ቅዳሜ አባቴ ከዕድርተኞቹ ጋር ራቅ ያለ ቦታ ለቅሶ ሄደ። መኪናዋን ይዤ ሌላ ቦታ፣ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ወሰድኳት። እዚያ ጠያቂ የለም፤ በዚህ ቁረጥ ካሉት ይቆርጣል። ብየዳው ላይ ምላጩ ሲያርፍ ብልጭታው በረረ፤ ዘንጉን ያስረዘመው ቱቦ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ጎሚኒው ተቀየረ፣ ሞላው ተቀየረ፣ ያ እንጨት ወጥቶ እንቁላል የምታህል ለስላሳ ብረት ገባች።

ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ወደ አባያ በሚወስደው መንገድ ብቻዬን ይዣት ወጣሁ። አንደኛ፣ ጠቅ። ሁለተኛ፣ ጠቅ። ሦስተኛ ደግሞ እጄ ሳያስበው ገባ። ሐይቁ በሙዝ እርሻው መሐል ብቅ ጥልቅ ሲል አላየሁትም፤ እጄን ነበር የማየው። መንገዱ ሲበላሽ አዙሬ ያንኑ መንገድ ደገምኩት። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ራሴን ያደነቅኩበት ቀን የለም።

እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ዓይኑን በነጠላ ሸፍኜ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩትና ገለጥኩለት። ዘንጉን አየው። መዳፉን አናቱ ላይ አሳረፈ።

"ብረት ነው" አለ።

"ብረት ነው አባዬ፣ ይሻላል! ያ እንጨት ያሳፍር ነበር። ሞክረው እስቲ።"

ፍሪሲዮን ረግጦ ወደፊት ገፋው። አልገባም። ድጋሚ ገፋው። እጄን ዘርግቼ ከእጁ በላይ ያዝኩና አብሬው ገፋሁ፤ ጠቅ አለ። "አየህ?" አልኩት። ወደ እኔ ዞሮ "እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። እኔ የደከምኩበትን አንቺ አቃናሽው" አለኝ። ልጅ ለአባቷ ሠርታ ያመጣችውን "አይሆነኝም" የሚል አባት በእኛ ቤት ታይቶ አይታወቅም። መረቀኝ፤ አሜን አልኩ።

በማግስቱ ሰኞ ለሥራ ጉዳይ ሲቀላ ወርጄ፣ ለምሳ ሰዓት በሚኒባስ ወደ ሴቻ እየተመለስኩ ነበር። ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ነበርኩ። ዳገቱ መሐል ላይ ሚኒባሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከፊታችን የአባቴ መኪና አለች።

ወደፊት ትንሽ ትሄድና ሞተሯ ይጮሃል፣ ከዚያ ማርሽ ሳይገባላት ወደ እኛ ትንሸራተታለች፣ ፍሬን ትይዛለች፣ ትጠፋለች። ሞተሯ ይነሳል፣ ያው ይደገማል። ከኋላ ባጃጆቹ ክላክስ ጀመሩ። ርዕሰ መምህሩ ከፊት ወንበር ወርደው ድንጋይ ፈልገው ከጎማው ሥር አደረጉ። ሁለቱ ከኋላ መውጣት አልቻሉም፤ ራሳቸው ብቻ በመስታወቱ ይታየኛል። አባቴ በሁለት እጁ ዘንጉን እየገፋ ሲታገል አየሁ።

"የዳኛው መኪና አይደለችም?" አለች አጠገቤ ያለችው ሴት።

"ናት። አርጅተዋል እኮ። ልጅ የላቸውም? ለምን አይከለክሏቸውም?" አለ ከኋላ አንዱ።

"አንዲት ልጅ አለች መሰለኝ።"

በሩ ከእኔ አንድ እርምጃ ነው። ወርጄ በሩን ከፍቼ "አባዬ፣ እኔ ልያዘው" ማለት ሦስት ቃል ነው። ልነሳ ብዬ ነበር ብል ውሸት ይሆናል። ያሰብኩት፣ ሰው "ማን ነው ማርሹን የሠራላቸው?" ቢልስ ነው። ያሰብኩት፣ ባለማማሰያዋ ነው። እንዲያውም በልቤ አባቴ ላይ ተናደድኩ፤ ለጤነኛ ሰው እኮ ይገባል፣ መጥፎ ልማድ ይዞት ነው አልኩ። ይዤው የነበረውን የወረቀት ማኅደር አንስቼ ፊቴን ከለልኩ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባል የለ፣ እንደዚያ ሆንኩ። ሰዎች ወርደው መኪናዋን ወደ ዳር ገፏት። ሚኒባሳችን አልፏት ሄደ። ከሰዓት ቢሮ ገብቼ ሥራዬን ሠራሁ።

ማታ ቤት ስደርስ መኪናዋ ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍና ቆማለች። አንድ የማላውቀው ሰው ነው አሉ ነድቶ ያወጣላቸው። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ይሄን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ብያለሁ። "እንዴት ነው ማርሹ?" አልኩት።

"ቅቤ ነው" አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ አልነዳም። መጀመሪያ የቤንዚን ሰልፍ ሰለቸኝ አለ፤ ሰልፉም ስለነበር ያስኬዳል። ቀጥሎ ዓይኔ ነው አለ። ጡረተኞቹ ለጥቂት ቀን በር ላይ እየመጡ ጠሩት፤ ባጃጅ ይዘን እንሂድ አሉት። ጉልበቴን አሞኛል አላቸው። ኋላ ሦስቱ ብቻቸውን መውረድ ጀመሩ። አባቴ አራት ሰዓት ሲሆን ጫማውን ያደርጋል፣ ኮፍያውን ያደርጋል፣ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጫማውን ያወልቃል።

ከወር በኋላ አንድ እሑድ የውጭው በር ተንኳኳ። መካኒኩ ነው። ከጸሎት መልስ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዟል። ግባ ብለው አልገባም አለ።

"ጋሼ ጠፋ። ታመመ እንዴ ብዬ ነው።"

"ደህና ነው። መንዳት ትቶ ነው።"

ከእኔ ጀርባ ያለችውን ላስቲክ የለበሰች መኪና አየ። "ቆረጥሽው?" አለ። አዎ አልኩት። በሩን ተደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለጋሼ ቃል ሰጥቼ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ" ብሎ ነገረኝ።

እኔ ሳውላ ሳለሁ አባቴ ብቻውን ጋራዡ መጥቶ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳየው። ጣቶቹ አይጨብጡም። ሐኪም አይቶታል፤ ከአንገት የመጣ የነርቭ ነገር ነው፣ አይመለስም ተብሏል። መዳፉ ግን ይገፋል፣ ክንዱ ይስባል። "ሳልጨብጥ የምነዳበት ማርሽ ሥራልኝ" አለው። ሦስት ሳምንት ሠሩት። መካኒኩ ቱቦ በየደ፤ አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ "ትንሽ ጨምር፣ ትንሽ ጨምር" ይላል። ሞላውን አላላው፤ ጎሚኒውን ማርሹ ሳይታገል እንዲንሸራተት ሆን ብሎ ለስላሳ አደረገው። እንጨቱን የቀረጹት ደጋ ያሉት የመካኒኩ አባት ናቸው፤ ሸማኔ ናቸው፣ መወርወሪያቸውን ራሳቸው የሚጠርቡ። የአባቴን መዳፍ በክር ለክቶ ልኮላቸው፣ ጠፍጣፋው ጎን አውራ ጣቱ የማትታጠፈው ጋ እንዲያርፍ አድርገው ሠሩት።

"ለልጄ እንዳትነግራት አለኝ" አለ። "እጄ እንደሞተ ካወቀች ሥራዋን ትታ ትመጣለች አለ።"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንድ ላይ መጣብኝ። ከተመለስኩ ጀምሮ አባቴ ጎርሶ እንጂ አጉርሶኝ አያውቅም። ሾርባና ሩዝ ወዳጅ ሆነ፤ በማንኪያ። ሰው ሲጨብጠው ክንዱን ይሰጣል። የጡረታ ወረቀቱን "መነጽሬ ጠፋ" እያለ እኔን ያስሞላኛል። በየቀኑ ፊቴ ነበር። አብሬው ገበታ ላይ እየተቀመጥኩ እጁን አላየሁትም፤ የማየው የራሴን ነው።

"ስለዚያ ቀን ንግግሬ ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት መካኒኩን።

"እሺ" አለ። ከዚያ ወዲህ እኔ ፊት የሚናገረው ይህችን ያህል ነው፤ እሺ፣ አይ፣ ደህና ነው። አማርኛውን እየቆጠበብኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቱቦውን ፍለጋ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። የአንድ ሰው የአጥር በር መሸጎጫ ሆኗል። መካኒኩ ሌላ ቱቦ በየደ፤ ሞላውንም ጎሚኒውንም እንደነበረ መለሰው። እንጨቱን ዕቃ ቤት ከሽንኩርት ጆንያ ጀርባ ወርውሬው ነበር፤ እሱ ተገኘ። አጥቤ፣ በጨርቅ አሽቼ ቦታው ሰካሁት።

ላስቲኩን ገፍፌ አባቴን ጠራሁት። በሩን ከፍቶ ረጅሙን ዘንግ አየ፤ እንጨቱን አየ። ቀና ብሎ አላየኝም። ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ማወቄን አወቀ። ቁልፉን ዘረጋሁለት፤ አልተቀበለኝም። በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞሮ ሹፌር ያልሆነ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሕይወቴ እዚያ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

"ንጂ" አለኝ።

ያንን ዘንግ በክንዴ ሙሉ እየሳብኩ ነዳሁ። ከእኔ ደብቆ የሚነዳበትን ነገር መልሼ ብሠራለትም፣ መደበቁን ግን መልሼ ልሠራለት አልቻልኩም። ዳገቱን ቁልቁል ስንወርድ፣ ያን ቀን የቆመበት ቦታ ስንደርስ፣ በግራ እጁ መንገዱን አሳየኝ።

"እዚህ ጋ ሚኒባስ ውስጥ አይቼሽ ነበር" አለ።

እግሬ ፍሬኑ ላይ ወረደ።

"በጎን መስታወቱ አየሁሽ። ፊትሽን በወረቀት ሸፈንሽ። ብትወርጂ ሰው ሁሉ ፊት እጄን ታዪው ነበር፤ እኔም እንዳየሽኝ አውቅ ነበር። እንዳላፍር ብለሽ ነው ያልወረድሽው።" የዘረጋውን እጁን መለሰ። "ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግኩት አልኩ ለራሴ። ያን ቀን በእግሬ ያቆመኝ ይሄ ሐሳብ ነው።"

ከኋላችን ባጃጅ ክላክስ አደረገ። መዳፌን እንጨቱ ላይ አሳርፌ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ አልነገርኩትም። እስካሁንም አልነገርኩትም።